የእህቴ እጅ የቀረበት ኪቦርድ

እህቴ ደወለች።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አንስቼ ቁጭ ብዬ አየኋት። እንዲህ አጭር ሆና እንዲህ የምትከብድ ነገር ጽፌ አላውቅም። እኔ የሰው ጉዳይ ስጽፍ የምውል ልጅ ነኝ፤ ለፍርድ ቤት፣ ለወረዳ፣ ለትምህርት ቤት የሚሄድ ማመልከቻ። የራሴን ነገር ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያዬ ደግሞ በዚህ ወሬ መጀመሩ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ብቻ እሞክራለሁ።

የደወለች ጊዜ እናቴ የአንድ ገበሬ የመሬት ደብተር ኮፒ ላሚኔት እያደረገች ነበር። ስልኩን ስታነሳ ማሽኑን ረሳችው። ወረቀቱ መሃል ላይ ተጨማዶ፣ ላስቲኩ እየሸተተ ቀረ። ባለ ጉዳዩ ሊቆጣ አፉን ከፈተና የእናቴን ፊት ሲያይ መልሶ ዘጋው። «አብሽሪ፣ ኮፒ ነው፤ ሌላ ይነሣል» አላት። ምን እንደሆነች እንኳን አላወቀም፤ ዝም ብሎ አጽናናት። የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው።

የደወለችው ግን ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባችሁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ሥራ ቤታችን መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት በር ናት። እናቴ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ትሠራለች። ኮምፒውተሩ ላይ የምትጽፈው ታላቅ እህቴ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መንገዱን ሞልቶ በሩ ድረስ ሲመጣ፣ ከሩቅ የሚታየው የኮምፒውተሩ ሰማያዊ መብራትና የእሷ ጀርባ ብቻ ነበር።

እህቴ የቀኝ እጇ ትንሽ ጣት አትዘረጋም። ልጅ ሆና ሳይንት አያቶቻችን ዘንድ በአጨዳ ወቅት ማጭድ ጅማቷን በጥሶባት፣ ጣቲቱ ወደ መዳፏ እንደታጠፈች ቀረች። ደሴ ኮምፒውተር ልትማር ስትሄድ አስተማሪዋ «በአሥሩም ጣት ነው የሚጻፈው» ቢላት «ዘጠኙ ይበቁኛል» አለችው ይባላል። ይባላል የምለው ያወራችው ራሷ ስለሆነች ነው፤ እህቴ ደግሞ ወሬ ታሳምራለች።

ኪቦርድ ላይ ያቺ ጣት ሥራ ይበዛባታል። ማጥፊያው፣ መስመር መውረጃው፣ የቀኙ ሺፍት፣ ሁሉም የእሷ ድርሻ ነው። እህቴ ታዲያ ጣቷን ከማስገደድ ቁልፎቹን አስገደደቻቸው። የመጻፊያው ፕሮግራም ውስጥ ቁልፍ የሚቀየርበት ቦታ አለ። አንድ ትእዛዝ ትመርጣላችሁ፣ የምትፈልጉትን ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያ ቁልፍ ለእናንተ ታዛዥ ነው። በዚህ ዓይነት ፕሪንት ማድረጊያውን፣ ቃል ማጥፊያውን፣ ሰንጠረዥ ማውጫውን ሁሉ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። ማመልከቻ ላይ የሚደጋገመውን ረጅም ረጅም አነጋገርም በቁልፍ አሰረችው፤ አንዴ ስትነካ ሙሉው መስመር ይወጣል። ደንበኛው ጉዳዩን ተናግሮ ሳይጨርስ ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ይወጣ ነበር። «ይቺ ልጅ ልቤን ታነባለች» የሚሉ ነበሩ።

ያኔ እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ማዶ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ፎርም የምቀድና የምበጠብጥ ልጅ ነበርኩ። «እንዴት ነው እንዲህ የምትፈጥኚው እትዬ?» ስላት «ሾርትከት ነው ሚጣዬ፤ አንድ ቀን አሳይሻለሁ» ትለኛለች። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ወደ ዓረብ አገር ሄደች።

ስለ መሄዷ ብዙ አልጽፍም። እኛ ዘንድ ሰው ያልሄደበት ቤት የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ በየዓርቡ ትደውል ነበር። እናቴ ድምፅ ማጉያውን ትከፍተዋለች፤ ደንበኛም ቢሆን ሰላም ሳይላት አይወጣም። አንድ ዓርብ ሳትደውል ቀረች። ኔትወርክ ነው አልን። ኔትወርኩ ሲመለስ የእሷ ስልክ ዝግ ነው። ያስኬዳት ደላላ ስልክ ማንሳት ተወ። ከዚያ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት «ከነበረችበት ቤት ወጥታለች ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችን፤ ወጥታ የት እንደገባች ግን አልሰማችም። ደግሞ አንድ ሰው ደውሎ «ልጅሽን አውቃታለሁ፤ ስልክ ላገናኝሽ» ብሎ እናቴን ሲያስለቅስ ቆይቶ፣ ካርድ አስልኮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እናቴ የማታውቀውን ቁጥር ሁሉ እየተጠራጠረች ታነሳ ጀመር።

ጎረቤቶቻችን ስለ እህቴ ሲያወሩ «ነበረች» ማለት ጀመሩ። እስኪ አስቡት። ማንም ሞታለች አላለም። ብቻ «ጨዋታዋ እንዴት ደስ ይል ነበር» ይሉና ድንገት እኔን ሲያዩኝ ስለ ዝናቡ ያወራሉ።

ወንበሯ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ትምህርት በፈረቃ ስለሆነ ግማሽ ቀን እማራለሁ፣ ግማሽ ቀን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ በአንድ አንድ ጣት ነበር የምለቅመው። ደንበኛ ሁሉ እያፋሸገ ይጠብቀኛል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ስለ ድንበር ክርክር ለወረዳው ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። እሳቸው ቃል በቃል ይናገራሉ፣ እኔ እለቅማለሁ። ለማረፍ ብዬ የግራ መዳፌን ኪቦርዱ ጥግ ላይ ጣል ሳደርግ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቻውን ወጣ፦ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች»።

እጄን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰብኩት።

«ምነው ልጄ?» አሉኝ።

«ራሱ ጻፈ አባባ።»

«ማን ራሱ?»

«ኮምፒውተሩ።»

«አዑዙ ቢላህ!» ብለው ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ። ወዲያው ደግሞ ወንበራቸውን መልሰው አስጠጉ። «እስኪ ምን አለ? አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። አገጫቸውን ይዘው አሰቡ። «ታዲያ ደህና አድርጎ አይደል እንዴ የጻፈው! ተይው ይቀጥል። ሰይጣን እንዲህ ያለ የቢሮ አማርኛ ከየት ያመጣል ልጄ፤ ይሄ የሰው ሥራ ነው።»

ከኮፒው ማሽን በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ። «እሷ ናት» አለች። ዞራ አላየችንም፤ ወረቀት መደርደሯን ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍለጋ ገባሁ። በማላውቀው ጨለማ ክፍል ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው በግራ እጄ እየዳበስኩ አንድ አንድ ቁልፍ አገኝ ነበር። አንዱን ስነካ «ጉዳዬ ታይቶ ተገቢው መፍትሔ እንዲሰጠኝ በትህትና አመለክታለሁ» ይላል። አንዱን ስነካ ወረቀቱ ለፕሪንት ይሰናዳል። አንዱ ደግሞ መብራት ሊሄድ አምፖሉ ብልጭ ብልጭ ሲል እህቴ የምትጫነው ነው፤ የተከፈተውን ሥራ ሁሉ በአንዴ አስቀምጦ ይዘጋል። እሱን ያገኘሁት ሳላውቅ ነክቼው ግማሽ ገጽ ሥራ ከፊቴ ጠፍቶ ላለቅስ ስል ነው። ተቀምጦ አገኘሁት። «አየሽ፣ አለሁልሽ» ያለችኝ መሰለኝ።

የተቀየሩት ቁልፎች ተዘርዝረው የሚታዩበት ቦታ እንዳለ በኋላ አውቄያለሁ። ግን አልከፈትኩትም። ሁሉንም አንዴ ካየሁት ያልቃላ! አንዲት ያልነካኋት ቁልፍ እስካለች ድረስ እህቴ የምትነግረኝ ነገር ገና አላለቀም ማለት ነው። እንዲህ ነበር የማስበው።

ቁልፎቹን እየለመድኳቸው ስመጣ ፍጥነቴ ጨመረ። ግራ እጄ ሲሮጥ ቀኜ እምብዛም አይንቀሳቀስም። እናም አንድ ነገር ሆነ። መጀመሪያ ያስተዋለችው እናቴ ናት። ከጀርባዬ ቆማ ኖሮ ድንገት «ጣትሽን ዘርጊ» አለችኝ።

«ምን?»

«ጣትሽን ዘርጊ ብዬሻለሁ!»

ቀኝ እጄን አየሁት። ትንሿ ጣቴ ወደ መዳፌ ታጥፋለች። ጤነኛ ጣት፣ ማጭድ ያልነካት ጣት፣ የምትሠራው ነገር ስላጣች ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ዘረጋኋት። እናቴ ሻርፗን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወጣች።

ለካስ ያ ኪቦርድ ለእህቴ እጅ የተሰፋ ልብስ ነው። እኔ ደግሞ ለብሼው ስለምውል ሰውነቴ ልኩን ይዞ ቀረ። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ስይዝ ትታጠፋለች። ለሰላት እጄን ስታጠብ ትታጠፋለች። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ «የእህትሽ ጂን ገብቶብሻል፤ ከኔ ራቂ» ብላ ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ቤት ስገባ ግን አልስቅም። የሌለች ሰው እጅ ይዛችሁ ስትዞሩ፣ እጁ ለምን ወደ እናንተ እንደመጣ ማሰባችሁ አይቀርም።

ከሁሉም ያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሰው ጠፍቶ ጭር ብሎ ሳለ፣ እንደ ልማዴ ስዳብስ አዲስ ቁልፍ ነካሁ። ስክሪኑ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ተሞላ፦

«ቁጭ በሉ፤ አሁን ተመልሼ እመጣለሁ።»

አስታወስኩት። እህቴ ለምሳ ወይም ለሰላት ስትወጣ ለደንበኞች የምትተወው ነው። ፊደሉ ከመንገድ እንዲነበብ ታተልቀዋለች። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያኔ ምንም አልነበረም። አሁን ግን ከባዶው ክፍል ውስጥ ትክ ብሎ አየኝ። ላጠፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ ዝናቡን ሸሽታ ስትገባ ፊት ለፊት አየችው። ሻርፗ እየተንጠባጠበ ስክሪኑ ፊት ቆማ ደጋግማ አነበበችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ የደንበኞቹን ወንበር ስባ ቁጭ አለች። እንደተባለችው።

በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩ ማቃሰት ጀመረ። ሲከፈት ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። ከሆዱ ውስጥ እንደ ጥፍር የሚጭር ድምፅ ይመጣል። በገበያ ቀን ከደሴ በአውቶቡስ የሚመጣውን ጠጋኝ ጠራነው። ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋና ራሱን ነቀነቀ።

«ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። አዲስ ተገብቶለት ሁሉም እንደ አዲስ መጫን አለበት። ፋይላችሁን በፍላሽ እገለብጥላችኋለሁ።»

«የእህቴ ሾርትከቶችስ?» አልኩት።

«የምን ሾርትከት?»

አሳየሁት። ግራ እጄ ሲሮጥ እያየ ሳቀ። «ጎበዝ ናት ባክሽ! እሱ እንኳን መገልበጡን እንጃ፤ ሞክሬ አላውቅም። ግን ምን ችግር አለው? እንደገና ይሠራል።»

«እንደሷ አይሠራም። ደግሞም አይነካም።»

«ኧረ በአላህ! ኮምፒውተር ነው እንጂ የወሊይ መቃብር ነው እንዴ የማይነካው?»

ለቀልድ ነው ያለው። የቤታችንን ነገር ከየት ያውቃል? ግን መቃብር የምትለዋ ቃል ክፍሉ ውስጥ ቀረች። እናቴ የኮፒውን ማሽን ክዳን ዘጋችው።

«ልጄ፣ አትንካው» አለችው ቀስ ብላ። «ስትመጣ ራሷ ትነካዋለች።»

«እናቴ፣ እሱ እስከዚያ አይቆይማ…»

«ይቆያል።»

ጠጋኙ መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ እኔን በዓይኑ ጠቅሶ «ፋይሉን እንኳን በየቀኑ ፍላሽ ላይ አድርጊ» ብሎኝ ሄደ። እሱን አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ፍርሃቴ ሁለት ሆነ። ዲስኩ ከተቀየረ እህቴ ትጠፋለች፤ ካልተቀየረም ማሽኑ አንድ ቀን ይሞትና ያኔም ትጠፋለች። ጠዋት ጠዋት ማብሪያውን ስጫን ትንፋሼን እይዛለሁ። በልቤ አንድ ነገር አስሬ ነበር፦ ኮምፒውተሩ ከተነሣ እህቴ በሕይወት አለች። ከተነሣ አለች፣ ከተነሣ አለች። ሲነሣ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። እናቴ ስለ ሥራ ይመስላት ነበር። ወይም እሷም ይህንኑ አስራ ይሆናል፤ ጠይቄያት አላውቅም።

አንድ ቀን አልተነሣም።

ጥቁር ስክሪን፣ ጥግ ላይ የምትበራ የምትጠፋ አንዲት ነጭ ጭረት። ደጋግሜ አጠፋሁ፣ ደጋግሜ አበራሁ። ጭረቷ ብቻ። ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴ ፊት ይታየኛል፤ በሻርፕ ተሸፍኖ ሳየው የኔ ይሁን የእሷ ለየሁት ማለት አልችልም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ ልንገራት? ደንበኛ ሲመጣ «መብራቱ አይበቃም፣ በኋላ ተመለሱ» እያልኩ፣ ጣቴን በሞተው ኪቦርድ ላይ እያንሸራተትኩ እንደሚሠራ ሰው ቁጭ አልኩ። ሞታለች ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። እንዲህ ብዬ ስጨርስ እንኳን አላለቀስኩም። በረድኩ።

የእናቴ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው።

ረጅም የውጭ ቁጥር ነበር። እናቴ የላሚኔሽኑን ማሽን ትታ አነሳችው። ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። ከወዲያ በኩል ሻካራ፣ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«እማ… እኔ ነኝ።»

«ማነሽ አንቺ?» አለች እናቴ።

«እማ፣ እኔ ነኝ እኮ። አሞኝ ድምፄ ስለተዘጋ ነው። በአላህ አትዝጊው፤ ስልኩ የሰው ነው።»

እናቴ ስልኩን ከፊቷ አርቃ እንደ እባብ አየችው። «ይቺ ልጄ አይደለችም» አለች። «እንደዚያኛው የካርድ ሌባ ናቸው። የልጄን ድምፅ አላጣውም።» ልትዘጋው ስትል ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። በሕይወቴ ከእናቴ እጅ ምንም ነገር ነጥቄ አላውቅም። ላሚኔሽኑ ይሸታል፤ ገበሬው አፉን ከፍቶ ይዘጋል። እኔ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው የመጣልኝ።

«አምፖሉ ብልጭ ብልጭ ሲል ምን ትጫኛለሽ?» አልኩ።

ጭረቷ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ትበራለች፣ ትጠፋለች።

ከዚያ ሳቅ መጣ። ሻካራ ሳቅ፣ በሳል የተቋረጠ። «በግራ እጄ ነዋ! በትንሿ ጣት ከታች ጥጉን፣ በአውራ ጣት አጠገቡን፣ በቀለበት ጣት ዜድን። ሚጣዬ፣ አንቺ ነሽ? ወላሂ አሁንም በህልሜ እጫነዋለሁ። እዚህ መብራት አይሄድም እንጂ…»

ግራ እጄ እሷ የምትለውን እየተከተለ በሞተው ኪቦርድ ላይ ይጫን ነበር። ጥጉን። አጠገቡን። ዜድን። «እሷ ናት!» ብዬ ጮህኩ። «እማ፣ እሷ ናት!»

እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

የነበረችበት ቤት ሰዎች ስልኳን ወስደውባት ኖሯል። ከዚያ ወጥታ፣ ታማ ተኝታ፣ አሁን ሌላ ቤት ገብታለች፤ እነዚህኞቹ ደህና ናቸው አለች። ቁጥራችንን ከአንዲት ያገራችን ልጅ ነው ያገኘችው። ይህን ሁሉ የነገረችን በጥድፊያ ነው። ከዚያ እናቴ ስልኩን ይዛ አለቀሰች፣ መረቀች፣ ተቆጣች፣ እንደገና መረቀች። ገበሬውም ሰላም አላት። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ የኔ ልጅ፤ ደብተሬን በላሽብኝ እንጂ» አላት።

የኔ ተራ ሲደርስ ማሽኑ እንደሞተ ነገርኳት። የሠራችው ሁሉ እንደጠፋ። ይህን ስናገር ነው ገና ያለቀስኩት።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

«ቁልፎችሽ…»

«እሰይ ጠፉ! የታመመችው የኔ ጣት ናት፤ ያንቺ ምን ሆነች?»

እጄን አየሁት። ትንሿ ጣቴ ታጥፋለች።

«ሰምተሽኛል?» አለችኝ። «ያንን ሁሉ የሠራሁት የኔ እጅ ስለማይደርስ ነው። አንቺ እጅሽ የሚደርስበትን ይዘሽ የራስሽን ሥሪ። ስመጣ ታሳይኛለሽ።»

ጠጋኙ በሚቀጥለው ገበያ መጣ። አዲሱን ዲስክ ሲያስገባ እናቴ አጠገቡ ቆማ አየችው። ሲጨርስ «ይቅርታ እናቴ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት…» ሊል ሲጀምር «ዝም በል፣ ሻይ ጠጣ» አለችው። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሣ። ባዶ ነበር። መዳፌን ጥጉ ላይ ጣል አደረግሁ፤ ምንም አልወጣም። ስለዚያች ቅጽበት ባልዋሽ ይሻላል፦ ከፋኝ። እህቴ በሕይወት እንዳለች እያወቅኩ፣ ስልኳን እየጠበቅኩ፣ አንድ ሰው ከቤቱ የወጣ ያህል ከፋኝ። ለካ ከእኔ ጋር የከረመችው እሷ አልነበረችም፤ እሷ ሌላ አገር ታማ ተኝታ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ወር አብሮኝ የጻፈው ማን ነው? አሁንም ይህን ሳስብ ጀርባዬ ቀዝቀዝ ይለዋል።

ግን ሠራሁ። ምን ልበላችሁ፣ ሲሠሩት እንዴት ደስ ይላል! ፕሪንቱን ወደ ቀኝ እጄ መለስኩት። ሰንጠረዡን እጄ ሳይቃትት የሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። የማመልከቻውን አነጋገርም አሳጠርኩት፤ «ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን አልወደውም፣ ገልጸነው የለም እንዴ? ለኔ ሥራ ብቻ የሚሆን ቁልፍም አለኝ፦ ስነካው የምጽፈው ይህ የራሴ ጽሑፍ ይከፈታል። አሁን የምታነቡትን የከፈትኩት በሱ ነው። ቀኝ እጄ አሁን ይሠራል። ትንሿ ጣቴ አንዳንዴ ስትደክም ወይም እኔ ስረሳት ትታጠፋለች። አልቆጣትም። ዘርጊ የምትለኝ እናቴም አሁን ዝም ብላ ታያትና ትስቃለች።

አንዲቱን ቁልፍ ግን ከአሮጌው መልሼ አስገብቻታለሁ፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ትልቅ ፊደል። እህቴ ገና አልመጣችም። ውሏ እስኪያልቅ ነው። እስከዚያ ለምሳ ስወጣ እኔ እነካታለሁ።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ለማመልከቻም ሆነ እንዲሁ በመንገድ ስታልፉ ወደ መካነ ሰላም ብቅ ካላችሁ፣ ከፍርድ ቤቱ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለችውን በራችንን ግፉ። እጃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የቱ ጣት እንደሚያማችሁ፣ የቱ እንደማይደርስላችሁ ንገሩኝ፣ ቁልፎቹን ወደ እናንተ አመጣላችኋለሁ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ብታገኙት ደግሞ አትፍሩ፣ አትመለሱ። ስክሪኑን አንብቡና እንዳለው አድርጉ። ቁጭ በሉ።